አስማት ከንቱ ነው ያለው አስማተኛ

(በአንድ የንባብ ወዳጆች ምሽት ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ጥቂት ቃላት ከማረሜ በቀር እንዳለ ቀርቧል።)

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ይህን ዝናብ ጥሳችሁ መምጣታችሁን ሳይ ደስ ብሎኛል፤ ትንሽም አፍሬአለሁ። ጫማው ለጨቀየ ሰው የሚመጥን ንግግር ይዤ እንደሆነ እንጃ። አዘጋጆቹ ሲጋብዙኝ «ስለ ፈለጉት ጉዳይ ይናገሩ፣ ብቻ ሰዓትዎን ይጠብቁ» አሉኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ፊዚክስ ያስተማረ ሰው ደወል ካልተደወለ እንደማያቆም ስለሚያውቁ፣ ይህችን ልጅ ሰዓት አስይዘው ፊት ለፊቴ አስቀምጠዋታል። እሷን እያየሁ እናገራለሁ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልለምን። ከፊተኛው ረድፍ ዳር የተቀመጡት አባት... አዎ፣ እርስዎ። ይቅርታ ይደረግልኝና መነጽርዎን አንድ አፍታ ያውልቁልኝ። ይህች የኪስ ዳዊት ናት፤ መዳፍ ውስጥ ትገባለች። እስቲ ከየትም ገልጠው አንድ መስመር ያንብቡልን። አልተነበበም? «ጉንዳን ተሰልፎ ነው የማየው» ይላሉ። (ሳቅ) በጣም ጥሩ። መነጽርዎን ይመልሱ፤ ዳዊቷ ግን እርስዎ ዘንድ ትቆይልኝ። በኋላ እንፈልጋታለን።

ዛሬ የማወራችሁ ሮጀር ቤከን ስለሚባል እንግሊዛዊ መነኩሴ ነው። ፍራንሲስ ቤከን አላልሁም። ያኛው ከዚህኛው ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የመጣ ባለሥልጣን ነው፤ በስም እንጂ በሌላ አይገናኙም፤ ተማሪዎቼ በየዓመቱ እያምታቱ አሰልችተውኛል። የእኔው ቤከን የ13ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ነው፤ የፍራንሲስካውያን ማኅበር አባል። መነኩሴ ብዬ የምጠራው ለአፍ እንዲቀለን ነው እንጂ፣ ፍራንሲስካውያን በዋሻና በገዳም በር ዘግተው የሚኖሩ አልነበሩም። በከተማ እየዞሩ የሚሰብኩ፣ የሚለምኑ፣ በዩኒቨርሲቲም የሚያስተምሩ ድኾች ወንድሞች ነበሩ።

ሦስት ነገር እነግራችኋለሁ። አንደኛ፣ ሕዝብ ስለ እርሱ ያወራውን። ሁለተኛ፣ ሰውየው በእርግጥ የሠራውን። ሦስተኛ፣ ወሬው ከሥራው እንዴት እንደተወለደ። እንቅልፍ የነሳኝ ሦስተኛው ነው፤ ሁለቱ ወደዚያ የሚወስዱ መንገዶች ናቸው።

እንግዲህ ወሬው እንዲህ ይላል።

ቤከንና ባንጊ የሚባል ጓደኛው፣ እርሱም እንደ ቤከን መነኩሴ ነው፣ እንግሊዝን ጠላት እንዳይደፍራት ዙሪያዋን በናስ ቅጥር ለማጠር አሰቡ። እንዴት እንደሚታጠር የሚነግራቸው ግን አጡ። ስለዚህ የናስ ራስ ሠሩ። ውጪው ብቻ አይምሰላችሁ፤ በሰው ራስ ውስጥ ያለው ሁሉ በውስጡ እንዲኖር አድርገው ሠሩት። ሰባት ዓመት ፈጀባቸው። ራሱ ግን ዝም! ቢጨንቃቸው ሰይጣን ጠርተው ጠየቁ። ሰይጣኑም «በአንድ ወር ውስጥ ይናገራል፤ ቀኑንና ሰዓቱን አልነግራችሁም፤ ሲናገር ካልሰማችሁት ግን ልፋታችሁ መና ቀረ» አላቸው።

ሦስት ሳምንት ሌት ተቀን አፍ አፉን ሲያዩ ከረሙ። ሰው ናቸውና ደከሙ። ማይልስ የሚባል አሽከራቸውን ጠርተው «ራሱ ሲናገር በሰማህባት ቅጽበት ቀስቅሰን» ብለውት ተኙ። ሌሊት ላይ ራሱ አፉን ከፈተና «ጊዜው ነው» አለ። ማይልስ ሳቀ። ለዚህች ለሁለት ቃል ብዬ ጌቶቼን አልቀሰቅስም አለና ዘፈኑን ቀጠለ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ራሱ «ጊዜው ነበር» አለ። ማይልስ ጭራሽ ያፌዝበት ጀመር። ሌላ ግማሽ ሰዓት አለፈ። «ጊዜው አለፈ» አለና ራሱ ከቦታው ወድቆ ተሰባበረ፤ ቤቱ በጭስና በነጎድጓድ ተሞላ። ቤከን ሲነቃ ያገኘው የናስ ስባሪና የሚንቀጠቀጥ አሽከር ብቻ ነው።

ይህ ታሪክ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የለንደን መድረክ ላይ ወጥቶ ተመልካች አስቋል፤ በገበያ በሚሸጡ ርካሽ መጻሕፍትም ሲነበብ ኖሯል። እኔ የምወደው ግን ሌላውን ነው። በዕዳ የተዘፈቀ አንድ ሰው ከሰይጣን ገንዘብ ይበደራል። ውሉ «ዕዳህን ሁሉ ከፍለህ በጨረስህ ቀን ነፍስህ የእኔ ናት» የሚል ነው። ሰውየው አበዳሪዎቹን ሁሉ ከፈለ፤ ሰይጣን ሊወስደው መጣ። ቤከን በዳኝነት ተቀመጠና «ከአንተ የተበደረውንስ ከፍሎሃል?» ብሎ ጠየቀው። «አልከፈለኝም» አለ ሰይጣን። «እንግዲያውስ ዕዳው አላለቀም፤ ሂድ» ብሎ ፈረደበት። ይህን የመሰለ ሙግት የእኛ አገር ዛፍ ጥላ ሥር ቢሰማ ለሳምንት ያህል ይወራ ነበር።

ኦክስፎርድ ከተማ ውስጥ በወንዙ ድልድይ ላይ የቆመ ግንብ ነበር፤ የቤከን የጥናት ክፍል ነው ይባላል። ከእርሱ የሚበልጥ ሊቅ ከሥሩ ካለፈ ግንቡ ይደረመሳል ተብሎ ይታመን ስለነበር፣ አዲስ የመጡ ተማሪዎች «ከዚያ ግንብ ራቅ እያላችሁ» ይባሉ ነበር። ለአምስት መቶ ዓመት ሊቅ አለፈ፣ ደቂቅ አለፈ፣ ግንቡ አልተነቃነቀም። በ1779 መንገድ ሊያሰፉ አፈረሱት። ሊቁ ያልጣለውን መንገድ ሠሪ ጣለው። አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልገኝም። (ሳቅ)

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ያ የናስ ራስ የቤከን ብቻ አይደለም። ከቤከን ሁለት መቶ ዓመት በፊት የኖሩት፣ በስፔን በኩል የዓረቦችን ቁጥር የተማሩት፣ በኋላ ሲልቬስተር 2ኛ ተብለው ጳጳስ የሆኑት ዤርቤር የሚናገር ራስ ነበራቸው ተብሏል። ቤከን እጅግ ያከብራቸው የነበሩት የሊንከኑ ጳጳስ ሮበርት ግሮስቴስት የናስ ራስ ሠርተዋል ተብሏል። በጀርመን የዶሚኒካኑ መነኩሴ ታላቁ አልበርትም እንዲሁ፤ እርሱስ ሙሉ ሰው ነው ሠራ የተባለው፤ ተማሪው ቶማስ አኩዊናስ ወሬው ሰልችቶት በዱላ አደቀቀው ይላሉ። አንድ ራስ፣ አራት ባለቤት! አራቱን የሚያገናኛቸው ምንድን ነው? አራቱም ቁጥር ያውቃሉ። አራቱም ሰማይ ይመለከታሉ። አራቱም ጎረቤት ማንበብ የማይችለውን መጽሐፍ ያነባሉ። ራሱ ሲሰበር ወደሚቀጥለው ሊቅ ቤት ይሄዳል ማለት ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልሂድ። ሰውየው በእርግጥ ምን ሠራ?

የተወለደው በ1214 ወይም በ1220 ገደማ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጠራለሁ፤ ለምን እንደምጠነቀቅ ትንሽ ቆይቶ ይገባችኋል። ታሪክ ጸሐፊዎች በስድስት ዓመት የሚከራከሩት በራሱ አንዲት ዓረፍተ ነገር ምክንያት ነው። በ1267 «ፊደል ከቆጠርሁ አርባ ዓመቴ ነው» ብሎ ጻፈ። ፊደል ሲል የልጅነቱን ሀሁ ነው ወይስ የዩኒቨርሲቲ መጀመሪያውን? በዚህ ላይ ስንት ቀለም ፈሰሰ መሰላችሁ!

ኦክስፎርድ ተማረ፤ በ1240ዎቹ ፓሪስ ሄዶ አስተማረ። የአሪስጣጣሊስ የተፈጥሮ መጻሕፍት በዚያች ከተማ በ1210 እና በ1215 እንዳይሰጡ ተከልክለው ነበር፤ እነዚያን መጻሕፍት በግልጽ ካስተማሩት ቀደምት መምህራን አንዱ ቤከን ነው። ከዚያ ማስተማሩን ተወና መመርመር ጀመረ። በሃያ ዓመት ውስጥ ለብርቅ መጻሕፍት፣ ለመሣሪያና ለሙከራ ከ2,000 ፓውንድ በላይ እንዳወጣ ራሱ ጽፏል። የሀብታም ልጅ ነበር። በ1257 ገደማ ፍራንሲስካዊ ሆነ፤ ያን ጊዜ ገንዘቡ አለቀ፣ ችግሩም ጀመረ።

ምን ዓይነት ሰው ነበር? ቁጡ። ምላሱ ሬት። የዘመኑን ሊቃውንት በስም እየጠራ አላዋቂ ይላቸዋል። ታላቁ አልበርትን እንኳን አልማረም፤ ሳይማር አስተማሪ የሆነ ነው ብሎታል። ሰው ለምን ይሳሳታል ብሎ አራት ምክንያት ዘርዝሯል፦ ለማይገባው ሰው ሥልጣን መገዛት፣ የቆየ ልማድ፣ የብዙኃን አስተያየት፣ አለማወቅን በዐዋቂነት ሸማ መሸፈን። አራተኛው ከሁሉ የከፋ ነው ይላል። በቢሮ የሠራችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ።

ሲያመሰግንም ግን እንዲያው ነው። ፒየር ደ ማሪኩር ስለሚባል ፈረንሳዊ የጻፈውን ባነበብሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። ይህ ሰው በ1269 የማግኔትን ዋልታዎች በደብዳቤ ያስረዳ ነው። ቤከን ስለ እርሱ ሲናገር «ተራ ሰው፣ ባልቴት፣ ወታደር ወይም ገበሬ የሚያውቀውን እርሱ ሳያውቅ ቢቀር ያፍራል» ይላል። የሚያመሰግነው የመጽሐፍ ብዛቱን አይደለም። ባልቴት ፊት ማፈሩን ነው!

የቤከን የሙከራ ትምህርትም በዚህ ይጀምራል። እሳት እንደሚያቃጥል ለሰው በክርክር ማስረዳት ይቻላል፤ ሰሚው ይቀበላል፤ ልቡ ግን አታርፍም። እጁን ከነበልባሉ ሲነካ ያን ጊዜ ልቡ ታርፋለች። በዘመኑ አልማዝ የሚሰበረው በፍየል ደም ብቻ ነው ተብሎ ይጻፍ ነበር፤ አንዱ ከአንዱ እየቀዳ። ቤከን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ውሸት ነው አለ። ቀስተ ደመና ከአድማስ ምን ያህል ከፍ ይላል ብሎ ለካ፤ 42 ዲግሪ አገኘ። ዛሬም ብትለኩ ያንኑ ታገኛላችሁ። ዝናብና ፀሐይ አብረው ሲወጡ፣ «ጅብ ወለደች» ስንል፣ ፀሐይ አናታችን ላይ ከሆነች ቀስተ ደመና በሰማይ የማናየው ለዚህ ነው። ፀሐይ ከ42 ዲግሪ በታች ዝቅ ማለት አለባት።

ባሩድንም ጽፎታል። እርሱ አልፈጠረውም፤ ቻይናውያን ቀድመውታል። ነገር ግን በዓለም ብዙ ቦታ ልጆች ስለሚጫወቱባት፣ የሰው አውራ ጣት ስለምታህል ርችት ይናገራል፤ ድምፅዋ ከነጎድጓድ፣ ብልጭታዋ ከመብረቅ ይበልጣል ይላል። እንግዲህ ይህን የሚናገር መነኩሴ ጎረቤታችሁ ቢሆን ምን ትሉ ነበር?

አሁን ወደ ደብዳቤው። በ1265 ጊ ፉልክ የሚባሉ ካርዲናል ክሌመንት 4ኛ ተብለው የሮም ጳጳስ ሆኑ። ስለ ቤከን ሰምተው ነበርና በሰኔ 1266 ጻፉለት፦ የማኅበርህ ክልከላ ሳያግድህ ሥራህን በቶሎ ላክልኝ፣ በምሥጢር ይሁን። ማኅበሩ አባላት ያለ ፈቃድ መጽሐፍ እንዳያወጡ ከልክሎ ነበር። ጳጳሱ መጽሐፉ ያለቀ መስሏቸዋል። አልተጀመረም! ብራና መግዣ፣ ለገልባጭ መክፈያ አልላኩም። ቤከን ለሀብታም ወንድሙ ጻፈ። ወንድሙ ከንጉሡ ጎን ተሰልፎ በጦርነቱ ተዘርፎ ደህይቷል፤ መልስ አልመጣም። ታላላቆችን ለመነ፤ ፊታቸውን አዞሩ። በመጨረሻ ድኾች ወዳጆቹ ዕቃቸውን እያስያዙ አበደሩት። ምሥጢሩን ደግሞ ሊነግራቸው አይችልም። ገንዘብ የሚለምን፣ ለምን እንደሚለምን የማይናገር ሰው! ከአንድ ዓመት ተኩል ባነሰ ጊዜ ውስጥ ኦፑስ ማዩስን፣ ትርጉሙ «ትልቁ ሥራ» ነው፣ ከሁለት ተከታዮቹ ጋር ጻፈ። ዮሐንስ በሚባል ወጣት ተማሪው እጅ ላከው፤ ከመጽሐፉ ጋር አንዲት የመስተዋት ሌንስ ጨመረ። ጳጳሱ በኅዳር 1268 አረፉ። ምንም አልተደረገም።

በዚያ መጽሐፍ ውስጥ እኛን የሚነኩ ሁለት ነገሮች አሉ።

አንዱ የቀን መቁጠሪያው ነው። የዩልዮስ ቄሣር ዓመት 365 ቀን ከሩብ ነው፤ የፀሐይ ዓመት ከዚያ በ11 ደቂቃ ገደማ ያንሳል። አሥራ አንድ ደቂቃ ምን አላት? ቤከን አሰላት፦ በ125 ዓመት ገደማ አንድ ሙሉ ቀን። የክርስቲያኖች ፋሲካ ቀኑን ስቷል፣ ማንኛውም ቆጠራ ዐዋቂ ይስቅብናል ብሎ ለጳጳሱ ጻፈ። 315 ዓመት ቆይቶ በ1582 ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ አሥር ቀን ቆርጠው ጣሉ፤ ከጥቅምት 4 ማግስት ጥቅምት 15 ሆነ። የቤከን አገር እንግሊዝ ግን የጳጳሱን ሒሳብ አንቀበልም ብላ እስከ 1752 ቆየች። የዚያ ጊዜ የሚቆረጠው አሥራ አንድ ቀን ሆኗል።

እኛስ? እኛ በየአራት ዓመቱ፣ ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ፣ ጳጉሜን ስድስት እናደርጋለን፤ አንድም ጊዜ ሳንዘል። ይህ የቄሣር ሒሳብ ነው። ቤከን ይህን ሲጽፍ፣ ዐፄ ይኩኖ አምላክ ከመንገሣቸው ሦስት ዓመት በፊት፣ የእርሱ አገር የልደት በዓልና የእኛ በአንድ ቀን ይውሉ ነበር። የእኛ ልደት ዛሬ እነርሱ ጃንዋሪ 7 በሚሉት ቀን የሚውለው እኛ ስለተንቀሳቀስን አይደለም፤ እነርሱ ናቸው የዘለሉት። ከ2100 በኋላ ደግሞ ጃንዋሪ 8 ይሆናል። የልጅ ልጆቻችሁ «ለምን ተዛወረ?» ብለው ሲጠይቁ፣ የአንድ ቁጡ መነኩሴ አሥራ አንድ ደቂቃ ናት በሏቸው። መስተካከል አለበት ወይስ የለበትም በሚለው አልገባም፤ ዳቦ ሳልበላ እንዳልባረር። (ሳቅ)

ሁለተኛው... እዚህ ላይ ወንበራችሁን ያዙ። ቤከን ስለ ዕድሜ ማራዘሚያ መድኃኒት ሲያወራ እንዲህ ይላል፦ የኢትዮጵያ ጠቢባን ወደ ጣሊያን፣ ወደ ስፔን፣ ወደ ፈረንሳይና ወደ እንግሊዝ ይመጣሉ፤ በእነዚህ አገሮች ጥሩ ጥሩ የሚበሩ ዘንዶዎች አሉና። በሚያውቁት ምሥጢር ዘንዶውን ከዋሻው ያስወጡታል፣ ኮርቻ ይጭኑበታል፣ ልጓም ያገቡለታል፣ ሥጋው እንዲለሰልስ በሰማይ ላይ ያስጋልቡታል፤ ከዚያ አርደው ይበሉታል፤ እርጅናንም ያሸንፋሉ። (ረጅም ሳቅ) እየቀለድሁ አይደለም፤ በሙከራ ትምህርት ክፍሉ ውስጥ የተጻፈ ነው! በዘመኑ «ኢትዮጵያ» ማለት ከግብፅ በታች ያለው ሰፊ አገር ሁሉ ነው፤ ቢሆንም ድርሻችንን እንውሰድ። የፍየሉን ደም የናቀው ሰው ዘንዶውን አመነ። ለምን? የፍየሉን ደም በዓይኑ አይቷል፤ ኢትዮጵያን አላየም። እኛ ለእርሱ የናስ ራስ ነበርን።

ቤከንን ቅዱስ አድርጋችሁ እንዳትወስዱብኝ ይህን ነገርኋችሁ። በኮከብ ቆጠራ ያምን ነበር። በብረት ወደ ወርቅ መለወጥም ያምን ነበር።

ሦስተኛው ነጥቤ ጋ ደረስሁ። ልጅቷ ወረቀት አሳየችኝ፤ አይቻለሁ።

ይህ ሰው አንድ ረጅም ደብዳቤ ጽፏል፤ ርእሱ «ስለ ጥበብና ስለ ተፈጥሮ ምሥጢራዊ ሥራዎች፣ ስለ አስማትም ከንቱነት» የሚል ነው። በውስጡ ያለ ቀዛፊ የሚሄድ መርከብ፣ ያለ እንስሳ የሚሮጥ ሠረገላ፣ ሰው በመካከሉ ተቀምጦ ክንፉን እያንቀሳቀሰ የሚበርበት መሣሪያ፣ ባሕር ሥር የሚያስኬድ መሣሪያ ይቻላል ይላል። ይህ ሁሉ ያለ አንዳች ድግምት፣ በተፈጥሮና በእጅ ጥበብ። ድግምትና ክታብ የአታላዮች ሥራ ነው ይላል። አስማት የለም ብሎ መጽሐፍ የጻፈ ሰው አስማተኛ ተባለ! መጀመሪያ ሳነብ «ምቀኞች ናቸው፣ ማይምነት ነው» አልሁ። ለዓመታት ለተማሪዎቼ እንዲሁ አስተማርሁ። አሁን እንደዚያ አላስተምርም።

ያው ደብዳቤ ጥቂት ገጽ ዝቅ ሲል ምን ይላል? ጥበብን ለብዙኃን መግለጥ አይገባም፤ ለአህያ ሰላጣ ማቅረብ ሞኝነት ነው፣ እሾህ ይበቃታልና። እኛ «ለአህያ ማር አይጥማትም» እንደምንለው። ከዚያ ምሥጢር የሚደበቅባቸውን ሰባት መንገዶች ይዘረዝራል፦ በእንቆቅልሽ መጻፍ፣ አናባቢ ፊደል መጣል፣ የተለያዩ ፊደሎችን መቀላቀል፣ አዲስ ፊደል መፍጠር እና ሌላውም። በሩን ከውስጥ ቆልፎ፣ መጋረጃውን ጥሎ፣ ከውስጥ ደግሞ እንደ ነጎድጓድ የሚጮህ ነገር እያፈነዳ «እኔ አስማተኛ አይደለሁም» ይላል። ደጅ የቆመው ሰው ምን ይበል?

አያቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ጎጃም ውስጥ። በረዶ ያስራሉ ይባሉ ነበር። ሰማዩ ሲጠቁር ገበሬዎች ቤታችን ይመጣሉ፤ አያቴ ወጣ ብለው ደመናውን ያያሉ፣ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ ይገባሉ። እናቶች በመንገድ ሲያገኟቸው የልጅ ፊት ይሸፍናሉ። ዘጠኝ ወይም አሥር ዓመቴ ነበር፣ «አባባ፣ እውነት በረዶ ያስራሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳቁና «ያስራል ያለ ሌባ በጓሮዬ አያልፍም» አሉኝ።

በግድግዳው ላይ የተሰቀለ ማኅደር ነበር። ማንም አይነካውም። እርሳቸው ካረፉ በኋላ፣ ሁለተኛ ደረጃ ስማር፣ በክረምት ዕረፍት መጥቼ አወረድሁት። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ ይህን አልክድም። በውስጡ በፍየል ቆዳ የተለበደ፣ ጠርዙን ምስጥ የበላው ተራ ደብተር አገኘሁ። መጥቅዕና አበቅቴ የተሠራበት ሒሳብ፤ የሃያ ዓመት ፋሲካና ጾም አስቀድሞ ወጥቷል። ከዚያ የብድር መዝገብ፤ እገሌ አምስት ብር፣ እገሊት ሁለት ቁና ጤፍ። ከዚያ መድኃኒት። ለቆረቆር የጻፉት ትዝ ይለኛል። ቅጠሉን፣ ሥሩን፣ የቅቤውን ልክ ዘርዝረው ሲያበቁ መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦ «ከዚያም ያችን የምታውቃትን ጨምር።»

ያችን የምታውቃትን! ማን ነው የሚያውቃት? አጎቶቼን ጠየቅሁ፣ ጎረቤት ጠየቅሁ፣ ደብሩን ጠየቅሁ። ቆረቆር ይዞት በአያቴ እጅ የዳነ ሰው አገኘሁ፤ ራሱን እየዳበሰ «ሽታዋ ብቻ ትዝ ይለኛል» አለኝ። አለቀ። በዚያ ሰፈር ዛሬም አያቴ በረዶ አሳሪ ናቸው። ቆጠራ ዐዋቂ ነበሩ፣ ሐኪም ነበሩ የሚል የለም፤ ማስረጃው ያቺ ቅጠል ነበረች።

ቤከንን የገዛ ማኅበሩ «አጠራጣሪ በሆኑ አዳዲስ ትምህርቶች» ከሶ በ1270ዎቹ መጨረሻ እንዳሰረው ከሞተ ብዙ ዘመን ቆይቶ የተጻፈ የማኅበሩ ዜና መዋዕል ይናገራል። በ1292 ገና ይጽፍ ነበር፤ የመጨረሻው ሥራው ሳያልቅ ቀረ። እዚህ ላይ አልዘገይም።

አንዲት ሌላ ታሪክ ልጨምርና ላብቃ፤ ልጄ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ። ጀማሪ አስተማሪ ሳለሁ በአንዲት ትንሽ ከተማ መደቡኝ። መብራት የለም፣ ቤተ ሙከራ የለም። የክፍሉን መስኮቶች በጆንያና በጭቃ ደፍኜ በአንዱ ላይ እስክሪብቶ የምታስገባ ቀዳዳ ተውሁ። ከቤከን ሁለት መቶ ኀምሳ ዓመት ገደማ በፊት የተወለደ፣ ቤከንም የተማረበት የባስራው ኢብን አልሃይተም የመረመረው ነገር ነው። በማዶው ግድግዳ ላይ የግቢው ባሕር ዛፍ ተዘቅዝቆ ታየ፤ በቀለሙ፣ ቅጠሉ እየተንቀጠቀጠ። ልጆቹ ጮኹ። በማግስቱ የአንዱ ተማሪ እናት ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። «ልጆቻችንን ጨለማ ውስጥ አስገብቶ ጋኔን የሚያሳየው አንተ ነህ?»

መከራከር ትቼ «እማማ፣ ይግቡ» አልኋቸው። ዱካ ላይ አስቀመጥኋቸው። ልጃቸውን ውጪ ላክሁት፤ ወዲያና ወዲህ ተመላለስ አልሁት። ግድግዳው ላይ ልጃቸው እግሩ ወደ ላይ ሆኖ ሲራመድ አዩ። ዝም አሉ። ከዚያ ሳቁ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ተነሥተው ወደ ቀዳዳዋ ሄዱ፣ በጣታቸው ሸፈኗት፤ ልጁ ጠፋ። ጣታቸውን አነሱ፤ ተመለሰ። ሦስት ጊዜ አደረጉት። ከዚያ ዞር ብለው «ለምንድን ነው የተዘቀዘቀው?» አሉኝ።

በዚያ ክፍል አርባ ስምንት ተማሪዎች ነበሩ። ይህን የጠየቀኝ አንድም አልነበረም።

አሁን ዳዊቷ። አባቴ፣ ይህችን ብርጭቆ ይቀበሉኝ። ከተጣለ የስላይድ ማሳያ የነቀልኋት ሌንስ ናት፤ አንድ ጎኗ ጠፍጣፋ፣ አንድ ጎኗ ጉብ ያለ። ቤከን ለጳጳሱ «ከሉል የተቆረጠ ትንሽ ክፍል የሆነ መስተዋት በፊደል ላይ ቢደረግ፣ ለሽማግሌዎችና ዓይናቸው ለደከመ ይጠቅማል» ብሎ የጻፈው ይህን ነው፤ መነጽር በጣሊያን ከመሠራቱ ሃያ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ። መነጽርዎን ያውልቁ። ጠፍጣፋውን ወደ ወረቀቱ፣ ጉብ ያለውን ወደ ዓይንዎ። ከኋላ ያላችሁ መብራቱን ወደዚህ አዙሩልን። ቀስ ብለው፣ ፊደሉ ላይ ያሳርፉት... እንዲያ። ትንሽ ከፍ ያድርጉት። ደግሞ።

እስቲ ጮክ ብለው ያንብቡልን። ሌሎቻችሁም ተነሡና እየተቀባበላችሁ እዩ፤ ወደ እኔ እስክትመለስ እጠብቃለሁ።